ያልተበላ ቅጠል

ለመሆኑ አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ አባጨጓሬ ምን አገባው? ይህን ጥያቄ ከሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻችን አንዱ በሻይ ሰዓት አንሥቶልን ነበር። የሰጠነው መልስ ቀልድ ቢመስልም ከልባችን ነው፤ አባጨጓሬ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ወፍ የሚለውጥ መሣሪያ ነው አልነው። ቅጠል ብርሃንን ተቀብሎ ምግብ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ከአእዋፍ እጅግ የሚበዙት ቅጠል በልተው መኖር አይችሉም፤ ጫጩቶቻቸውም በቅጠል አያድጉም። በቅጠሉና በጫጩቷ አፍ መካከል ያለውን ክፍተት ከሚሞሉት ፍጥረታት ዋነኛው ይኸው የምንጸየፈው፣ ስናየው በጫማችን የምንደፈጥጠው፣ ጠጉሩ ሲነካን የሚያሳክከን ፍጥረት ነው። ኃይል ከአንዱ አካል ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር መከታተል የፊዚክስ የዘወትር ሥራ ስለሆነ፣ ድንበር ተላልፋችኋል የሚለንን አንባቢ በቅድሚያ ይቅርታ ጠይቀን ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

ጉዳዩ የችግኝ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባን ከሚያዋስኗት ከተሞች መካከል በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ የተተከለው ይቆጠራል፤ ቁጥሩም በዜና ይነገራል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ማስታወቁ ይታወሳል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ደግሞ መሬታቸው በመንገድና በቤት እየተሸነሸነ ነውና፣ የቀረው ክፍት ቦታ ምን ይተከልበት የሚለው ጥያቄ ለነገ የሚባል አይደለም። ቁጥር አንቃወምም፤ እንጀራችን ነው። የምንለው፣ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ደን የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ምን ዓይነት ዛፍ ተተከለ? ቅጠሉንስ በየትኛው ወር ማን ይበላዋል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እስካልተመለሱ ድረስ ዛፍ እንጂ ደን ተክለናል ለማለት አያስደፍርም።

ይህ አሳብ ወደ እኛ የመጣው በባዕድ አገር ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርታችንን በተከታተልንበት በሰሜን አውሮፓ፣ በፈረንጆች ግንቦት አንድ ቀን በኦክ ዛፍ ደን ውስጥ ስንሄድ ከላይ ካፊያ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጃንጥላ ልንዘረጋ ስንል አብሮን የነበረው ጓደኛችን ሳቀብን፤ ይዘንብ የነበረው የአባጨጓሬ ኩስ ነበር! በሺህ የሚቆጠሩ አባጨጓሬዎች ከራሳችን በላይ ገና የፈነዳውን ለጋ ቅጠል እየቆረጠሙ ነበር። በሐምሌ ተመልሰን ስንሄድ ደኑ ጸጥ ብሏል። ቅጠሉ አለ፤ እንዲያውም በዝቷል፤ በላተኛው ግን ጥቂት ነው።

ምክንያቱን በመጽሐፍ አገኘነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ፖል ፊኒ የተባለው ተመራማሪ በኦክስፎርድ አጠገብ በሚገኘው በዋይታም ደን ያደረገውን ጥናት ሲያሳትም፣ የኦክ ቅጠል ከሳምንት ወደ ሳምንት እንደሚለወጥ አሳየ። ቅጠሉ ለጋ ሳለ ውኃና ፕሮቲን ይበዛዋል፤ እያደር ግን ይጠነክራል፣ በውስጡም ታኒን ይከማቻል። ታኒን ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው፣ ሻይንም ጎምዛዛ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው፤ ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ የአባጨጓሬውን ምግብ እንዳይፈጭ ያደርግበታል። ስለዚህ አባጨጓሬው ቀን ቆጥሮ መፈልፈል አለበት። ቀድሞ ከወጣ ቡቃያው አልፈነዳምና ይራባል፤ ከዘገየ ደግሞ የሚጠብቀው ቆዳ የመሰለ ቅጠል ነው። በኔዘርላንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት የፀደዩ ሙቀት እየጨመረ በመሄዱ እንቁላሉ ከቡቃያው ቀድሞ ይፈለፈል እንደነበር አሳይቷል። አንድ ዛፍ፣ አንድ ትል፣ ሁለት ሰዓቶች፤ ሰዓቶቹ ሲለያዩ የሚጎዳው ትሉ ብቻ ሳይሆን በትሉ ጫጩቶቿን የምታሳድገው ወፍ ጭምር ናት።

ወቅቱ ይህን ያህል ከወሰነ የዛፉ ዓይነትስ? እዚህ ላይ ሳውዝዉድ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው ሰንጠረዥ ለእኛ ከብዙ ገጽ ትንታኔ ይበልጣል። በብሪታንያ በኦክ ዛፍ ላይ የሚኖሩት የነፍሳት ዓይነቶች 284 ሆነው ተመዘገቡ፤ ከሌላ አገር መጥተው በተተከሉ አንዳንድ ዛፎች ላይ የተገኙት ግን አምስት እንኳ አልሞሉም። ዛፍና በላተኛው በሺህና በሚሊዮን ዓመታት የተላመዱ ባላንጣዎች ናቸው። ዛፉ መርዝ ይቀምማል፤ ትሉ ማርከሻ ያበጃል፤ ዛፉ ሌላ ይቀምማል። የዚህ ረጅም ሙግት ውጤት፣ አብዛኛው አባጨጓሬ ጥቂት የሚቀራረቡ ዕፅዋትን ብቻ የሚበላ ሆኖ መቅረቱ ነው። ለሌላው ዛፍ ማርከሻ የለውም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሱሉልታን ነፋስ ያየ ሰው ደጋችን ከአውሮፓ ምን ይለየዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ከፍታው በጥቂት መቶ ሜትር ስለሚጨምር፣ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል በሚለው በተለመደው ስሌት፣ ሁለት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይገኛል። ነገር ግን ልዩነቱ ያለው በሙቀቱ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ ነው። በኦክስፎርድ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይበልጣል፤ ዘጠኝ ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ባለነው በእኛ ዘንድ ግን ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በእነርሱ አገር ዛፍም ትልም የቀኑን ርዝመት አይቶ ወቅቱን ማወቅ ይችላል። በእኛ ደጋ የቀኑ ርዝመት እምብዛም አይናገርም፤ ሙቀቱም ቢሆን በወራት መካከል ከሚያሳየው ልዩነት ይልቅ በቀትርና በሌሊት መካከል የሚያሳየው ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በሱሉልታ ሜዳ ላይ ውርጭ ወርዶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል። እንግዲህ የቀረው ዋነኛው ሰዓት ዝናቡ ነው። የበልጉ ጠብታ፣ የሰኔ ግባት፣ የመስከረም መውጫ። የመካከለኛው ኬክሮስ ቅዝቃዜ ከሐሩር ክልል ሰዓት ጋር የተጋጠመበት አገር ነው ያለን፤ ስለዚህም የአውሮፓን የአባጨጓሬ ቀን መቁጠሪያ ገልብጦ እዚህ መጠቀም አይቻልም።

የዛፎቻችንም ነገር እንዲሁ የራሱ ታሪክ አለው። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ በትውፊት ይነገራል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ወደ ላይ ሲወጣም ኮሶው ዛሬም አለ። ከዚህ ደን ውጪ ግን፣ ከቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ አካባቢ አንሥቶ በእንጦጦ ጀርባ እስከ ሱሉልታ ድረስ ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ በአመዛኙ ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከአውስትራሊያ ሲመጣ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ከተማነቷ ያጠራጥር ነበር፤ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ መጀመር ተደርሶ እንደ ነበር ይታወቃል። ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከስደት አድኗታል። ይህን ውለታ የሚክድ ሰው ጭስ በሌለበት ቤት ያደገ መሆን አለበት።

ሆኖም ባሕር ዛፍ ሲመጣ በላተኞቹን አገሩ ትቶ ነው የመጣው። በአውስትራሊያ ቅጠሉን የሚበሉ የእሳት እራት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ እዚያ ባሕር ዛፍ ሕይወት የሞላበት ደን ነው። በእኛ አገር ግን ሰም የተቀባውን፣ ሲኒዮል በሚባል ዘይት የተሞላውን ቅጠል ለመፍጨት ማርከሻ ያበጀ የአገር ተወላጅ አባጨጓሬ ብርቅ ነው። አበባው ንብ እንደሚቀልብ አንክድም። ቅጠሉ ግን ሳይበላ ያረጃል፤ ሳይበላ ይወድቃል። የፀሐይ ብርሃን ወደ ቅጠል ተለውጦ እዚያው ይቆማል፤ ወደ ማገዶ እንጂ ወደ ወፍ አይሄድም።

የውጭ ዛፍ ሁሉ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሎሚ ምስክራችን ነው። የሎሚ ዝርያዎች ከእስያ የመጡ ናቸው። ግቢው ውስጥ ሎሚ ያለው አንባቢ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትንሽ ትል አይቶ ይሆናል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ላይ ቀንድ የሚመስል ነገር አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይረጫል። ይህ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የተባለው፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነው ትልቁ ቢራቢሮ ልጅ ነው። ሎሚ ከመምጣቱ በፊት ምን ይበላ ነበር? ልምጭን የመሰሉ የሎሚ የሥጋ ዘመዶችን። ልምጭና ሎሚ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸውና የቅጠላቸው ቅመም ይመሳሰላል፤ ልምጭን የለመደ አንጀት ሎሚን አልተጸየፈም። ባሕር ዛፍ ግን በእኛ ደጋ ይህን የመሰለ ልምጭ አላገኘም። ስለዚህ ልዩነቱ በባዕድነትና በተወላጅነት ስም ሳይሆን በኬሚስትሪው ላይ ነው፤ ዛፍ ስንመርጥም መጠየቅ ያለብን ዘመዱ ማን እንደ ሆነ ነው።

ሁለት ዓመት ተማሪዎቻችንን ይዘን በሰበታ ዳርቻ ወጥተን ነበር። መሣሪያችን አንድ ነጭ አንሶላና አንድ ዱላ ነው፤ አንሶላውን ከቅርንጫፉ ሥር መዘርጋት፣ ቅርንጫፉን በዱላ መምታት፣ የወደቀውን መቁጠር። ይህ ዘዴ ከጥንት ጀምሮ የነፍሳት አጥኚዎች መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የወጣነው በጥር ነበር፤ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ስለተመቸን ብቻ። ብሳናው ቅጠሉን አርግፏል፤ ግራሩ ላይ ምንም፤ ወይራው ላይ ምንም፤ ባሕር ዛፉም ላይ ምንም። ሁሉም ዛፍ እኩል ባዶ ነው ብለን በልበ ሙሉነት ተመለስን፤ ለተማሪዎቹም እንዲሁ አልናቸው። በሰኔ መግቢያ፣ በሌላ ጉዳይ በዚያው ስናልፍ፣ አንሶላውን ከመኪናው አውጥተን ብሳናውን መታነው። አንሶላው ተንቀሳቀሰ። አረንጓዴው፣ ቡናማው፣ ጠጉራሙ፣ እንደ ስንዝር እየለካ የሚሄደው፣ በክር ተንጠልጥሎ የቀረው። ባሕር ዛፉን ስንመታው ጥቂት ሸረሪትና ቅርፊት ወደቀልን። እኛ ለዓመታት ስለ ናሙና አወሳሰድ ያስተማርን ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በሚለዋወጥ ነገር ላይ በአንድ የጥር ቀን ፍርድ ሰጥተን ነበር። ይህን ስሕተት አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በፈተና ቢጽፍልን ቀይ እስክሪብቶ ባልማርነውም።

ያን ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላና አንሶላ ይዘን ዛፍ ስንመታ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። ነገርናቸው። ባሕር ዛፉን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «በባርጋሞ ላይማ ምን ይገኛል? ወፍም ለማረፍ እንጂ ለመብል አይመጣበት። እኔ ግን ልጄን የዳርኩት በእርሱ ነው» አሉ። ባርጋሞ የባሕር ዛፍ ስም ነው በኦሮምኛ። የብሳናውንም ስም፣ በካኒሳ ወይም መካኒሳ፣ የነገሩን እርሳቸው ናቸው፤ በአዲስ አበባ መካኒሳ ሰፈር የምንመላለስ ስንቶቻችን ሰፈሩ በዛፍ ስም እንደሚጠራ እናውቃለን?

የሽማግሌውን አባባል ሁለቱንም ጎን እንቀበላለን። ባሕር ዛፍ የገበሬው የባንክ ደብተር ነው፤ ለሠርግ፣ ለሕመም፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚመዘዝ። ንቀሉት የሚል ሰው ምትኩን ይዞ ይምጣ። እኛ የምንለው፣ ባሕር ዛፍ እንደ ጤፍና እንደ ገብስ ሰብል ተብሎ በሰብል ቦታ ይቆጠር፤ በወንዝ ዳር፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በመንገድ አካፋይና በጽሕፈት ቤት አጥር ላይ ግን ሰብል አይተከልምና እዚያ ብሳናው፣ ግራሩ፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ኮሶው ይተከል። ምን ያህል ይበቃል ለሚለን፣ ከሌላ አገርም ቢሆን አንድ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ የመኖሪያ ግቢዎች የተደረገ ጥናት፣ ከግቢው ዕፅዋት ውስጥ ባዕዱ ከ30 በመቶ ሲበልጥ በአባጨጓሬ ጫጩቷን የምታሳድግ አንዲት ትንሽ ወፍ ቁጥሯን ጠብቃ መኖር እንደማትችል አሳይቷል። ለእኛዎቹ ወፎች፣ ለምሳሌ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር ለማይገኘው ጀርባ ነጩ ጥቁር ቲት፣ ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ተመሳሳይ ጥያቄ በገፈርሳ አጠገብ ሊጠየቅ ይገባዋል።

አባጨጓሬ እናርባ ትላላችሁን? ተምች ያጠፋብንን ረሳችሁን? የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች በበቆሎአችን ላይ ያደረሰውን ማን ይረሳል? ነገር ግን ተምች በሳርና በእህል ላይ የሚዘምት ነው፤ የብሳናው አባጨጓሬ ጤፍ ላይ ቢጥሉት በረሃብ ይሞታል። ቻራክሰስ ካንዲዮፔ የተባለው ባለ ግርማ ቢራቢሮ በልጅነቱ የሚበላው ብሳናንና ዘመዶቹን ነው፤ ከማሳችን ጋር ምንም ጠብ የለውም። ሁሉንም በተምች ስም መርዝ መርጨት ደግሞ ተምቹን ከሚበሉት ወፎችና ተርቦች ጋር መጣላት ነው።

የእኛ ቅሬታ ከሁሉ ይልቅ በራሳችን፣ በዩኒቨርሲቲ ሰዎች ላይ ነው። የዕፅዋት ባልደረቦቻችን የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ቅጽ አጠናቀው እ.ኤ.አ. በ2009 አስረክበውናል፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች ስም፣ መልክና ቦታ ተጽፏል። ለቅጠሉ በላተኞች ግን የዚህን ያህል ሥራ አልሠራንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጥግ ቆሟል፤ መናገሻ ሱባ በሰበታ በኩል አለ። ለመነሻ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ሥራው ውድ አይደለም። በሦስቱም ቦታዎች አንድ ዓይነት ዛፎች፣ አምስት ቢሆኑ ባሕር ዛፍን ጨምሮ፣ ይመረጡ፤ ምልክት ይደረግባቸው። በየሁለት ሳምንቱ ይጎብኙ። ለምን ሁለት ሳምንት? በምልክት ትምህርት እንደምናስተምረው፣ የሚለዋወጥን ነገር በትክክል ለመያዝ ከለውጡ ፍጥነት ቢያንስ በእጥፍ መለካት ያስፈልጋል። አንድ አባጨጓሬ ከእንቁላል ወጥቶ ተጠቅልሎ እስኪተኛ በአማካይ ወር ገደማ ይቆያል ብንል፣ በወር አንዴ የሚጎበኝ ሰው አንዱን ትውልድ በሙሉ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ቦታዎቹ ሦስት መሆናቸውም በምክንያት ነው፤ ያው ብሳና በሰበታና በሱሉልታ ከተለካ የከፍታውን ሥራ፣ ብሳናና ወይራ በአንድ ቦታ ከተለኩ የዛፉን ሥራ ለይቶ ማየት ይቻላል። ሁለቱን ሳይለዩ የሚደረግ ቆጠራ ድካም ብቻ ነው። ከፍታ ደግሞ የአባጨጓሬውን ጠላቶች ጭምር ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት በስድስት ክፍለ ዓለማት፣ በ31 ቦታዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ የፕላስቲሲን አባጨጓሬዎችን ቅጠል ላይ አጣብቆ፣ የንክሻ ምልክታቸውን ቆጥሮ ነበር፤ ከምድር ወገብ በተራቀና ወደ ተራራ በተወጣ መጠን ነካሹ እየቀነሰ መሄዱን አገኘ። ፕላስቲሲን በመርካቶ ይሸጣል። ይህን ሙከራ ለመድገም የሚጠይቀው የተማሪ ጣትና የመምህር ፈቃድ ነው።

ለከተማው አስተዳደርም የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። የችግኝ ቁጥር በሚነገርበት ሰሌዳ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ዓይነቱ ይጻፍበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጸደቀው ሲቆጠር ቅጠሉ የተነከሰው ስንት እንደሆነ ይመዝገብ። ችግኝ ጣቢያዎቹ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ የሚያፈሉት ዘሩ ስለሚገኝና ቶሎ ስለሚበቅል ነው፤ ወይራ ለመብቀል ይዘገያል፣ ኮሶም ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ዋጋው ይለይ፤ አንድ የወይራ ችግኝ ከአንድ የባሕር ዛፍ ችግኝ እኩል አንድ ተብሎ ሲቆጠር ጣቢያው ወይራ የሚያፈላበት ምክንያት የለውም።

ሽማግሌው ስንለያቸው፣ «እሺ፣ ብሳናውን ልትከል፤ ችግኙንስ ማን ይሰጠኛል?» ብለውን ነበር። የያዝነው መልስ አልነበረም። የሥነ ሕይወት ባልደረቦቻችን፣ የመጀመሪያው ጉዞ በበልጉ ዝናብ መካከል፣ ከሚያዝያ ሳያልፍ ቢደረግ ይሻላል እንላለን፤ ዛፎቹን እናንተ ምረጡ፣ አንሶላውን እኛ እናመጣለን።